ሜይቤል ካርተርና ሦስት ሴት ልጆቿ

የዚህ እትም ተራ የኔ ነው ሲባል አንዳንዶቻችሁ ስለ ደረሰኝና ስለ ግብር ልጽፍ እንደሆነ ገምታችሁ ስትሳሳቁ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም፤ የምታውቁኝ ካልኩሌተር ይዤ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንዲት ጊታር ተጫዋች እናትና ስለ ሦስት ሴት ልጆቿ ነው የምጽፍላችሁ። ከቁጥር ፈጽሞ ማምለጥ ግን አልቻልኩም፤ እሱን ታገሡኝ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ የጀመረው በአባቴ ካሴቶች ነው። አባቴ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ጅቡቲ መንገድ ላይ ከሚያዳምጣቸው ካሴቶች ግማሾቹ የጥላሁን ገሠሠና የዓለማየሁ እሸቴ፣ ግማሾቹ ደግሞ የጂም ሪቭስ፣ የዶን ዊሊያምስና የዶሊ ፓርተን ነበሩ። እንግሊዝኛውን አይሰማም፤ ትካዜው ግን ይገባው ነበር። በእሱ ዕድሜ ባሉ ሰዎች ቤት ካንትሪ የሚሉት ሙዚቃ እንደ ሩቅ ዘመድ ገብቶ የተቀመጠ ነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ካሴቶቹን በካርቶን ስሰበስብ፣ ይህ ዓይነት ዘፈን ከየት እንደመጣ ለማወቅ ፈለግሁ። መጻፍ ማንበብ ለሥራ ብቻ አይደለምና አንዱን ከሌላው እያነበብኩ ወደ ኋላ ስሄድ፣ አሜሪካ ተራሮች መካከል አንዲት የ18 ዓመት ነፍሰ ጡር ሴት ላይ ደረስኩ። ስሟ ሜይቤል ካርተር ነው።

ሜይቤል አዲንግተን የተወለደችው ሜይ 10 ቀን 1909፣ በቨርጂኒያ ግዛት ኒክልስቪል በምትባል ትንሽ የገጠር ቦታ ነው። አገሩ የአፓላሺያ ተራሮች የሚያልፉበት፣ ሰው በቆሎ እየዘራ የሚኖርበት፣ መንገዱ አስቸጋሪ የሆነ አገር ነው። ሙዚቃ የሚማሩት ትምህርት ቤት ገብተው ሳይሆን ምድጃ ዳር ነው። ሜይቤልም ባንጆና አውቶሃርፕ የተማረችው ከእናቷ ነው። አውቶሃርፕ ብዙ ክሮች ያሉት፣ ጭን ላይ አስተኝተው የሚመቱት የእንጨት ሣጥን ነው፤ የበገናና የክራር ፈረንጅ የአጎት ልጅ በሉት። አሥራ ሦስት ዓመት ሲሆናት ደግሞ ጊታር ያዘች። የሚያሳያት ሰው ስላልነበራት በራሷ መንገድ ተለማመደችው፤ ይህ ነገር ኋላ ላይ ትልቅ ጉዳይ ስለሚሆን ያዙልኝ።

የአክስቷ ልጅ ሣራ ኤ.ፒ. ካርተር የሚባል ሰው አግብታ ድሃው ሸለቆ በሚባል ቦታ ትኖር ነበር። ስሙ በእውነት እንዲሁ ነው። ኤ.ፒ. ረጅም፣ ቀጭን፣ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነበር፤ የፍራፍሬ ችግኝ እየዞረ ይሸጥ ነበር፤ ልቡ ግን ዘፈን ላይ ነው። ሣራ ወፍራምና ጥልቅ ድምፅ ነበራት። በ1926 ሜይቤል ገና በ16 ዓመቷ የኤ.ፒ.ን ወንድም ኤዝራን አገባች። ሰው ሁሉ ኤክ ይለዋል፤ በባቡር ላይ ፖስታ የሚለይ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ስለዚህ ሁለቱ የአክስትማማች ልጆች ሁለቱን ወንድማማቾች አገቡ ማለት ነው። ማታ ማታ ሣራ፣ ሜይቤልና ኤ.ፒ. አብረው መዝፈን ጀመሩ።

በ1927 ክረምት ራልፍ ፒር የሚባል የቪክተር ሸክላ ኩባንያ ሰው ብሪስቶል ወደምትባል ከተማ መጣ። የተራራውን ሰዎች ዘፈን በሸክላ ሊቀዳ ነበር። ብሪስቶል ከድሃው ሸለቆ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ዛሬ ምንም አይደለም፤ ያኔ ግን በዚያ መንገድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ኤ.ፒ. መኪና አልነበረውም፤ ወንድሙ ኤክ ነበረው። ኤክ ሚስቱ እርጉዝ ሆና በዚያ መንገድ መንገላታቷን አልወደደም። በመጨረሻ ኤ.ፒ. የወንድሙን የበቆሎ ማሳ ሊያርምለት ተስማምቶ መኪናውን እንደተዋሰ ይተረካል። ሣራ የሚጠባ ሕፃን ነበራት፤ ሕፃኑን የምትይዝላት ትልቋ ልጇ ግላዲስም ተሳፈረች። በሙቀቱ ጎማው እየፈነዳ፣ እየለጠፉ፣ ደረሱ።

የቀዱት የባርኔጣ ኩባንያ በነበረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ ድምፅ እንዳያስተጋባ ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ነበር። ኦገስት 1 ቀን አራት ዘፈን፣ በማግሥቱ ሁለት ዘፈን ቀዱ። ለአንድ ዘፈን 50 ዶላር ተከፈላቸው። እኔ እንደ ልማዴ አባዛሁት፤ ስድስት በሃምሳ 300 ዶላር። ችግኝ ለሚሸጥና በቆሎ ለሚያርም ቤተሰብ ይህ በሁለት ቀን የሚገኝ ገንዘብ አልነበረም። በዚህ ላይ ሸክላው ሲሸጥ የሚታሰብ እጅግ ትንሽ ሮያሊቲ ነበር። ሜይቤል ወደ ቤቷ ተመልሳ በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያ ልጇን ሄለንን ወለደች።

ከስድስቱ አንዱ ስለ ሴቶች የሚናገር ነው። ያላገባችው ሴት እንዴት ለብሳ እንደምትወጣ፣ ያገባችው ደግሞ እንዴት ሕፃን እያባበለች እንደምትውል ያነጻጽራል። ሣራ ይህን ዘፈን ፈጽሞ አትወደውም ነበር፤ መዝፈንም አልፈለገችም፤ ፒር ነው አጥብቆ የጠየቃት። ከሁሉም በላይ ከተሸጡት አንዱ እሱ ሆነ። ገጠር ያሉ ስንት ሴቶች በእጅ የሚጠመዘዝ ግራማፎን አጠገብ ሆነው ይህን ሲሰሙ ምን እንደተሰማቸው አስባለሁ። ሕፃን አቅፋ መጥታ የዘፈነችው ሣራ ናት፤ ስምንት ሊሞላት የተቃረበ ሆድ ይዛ ጊታሩን የመታችው ሜይቤል ናት። ስለሚዘፍኑት ነገር ማንም ሊያስረዳቸው አይችልም።

አሁን ያዙልኝ ወዳልኳችሁ ነገር ልመለስ። በዚያ ዘመን እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ዜማውን የሚመራው ፊድል ወይም ባንጆ ነው። ጊታር ከኋላ ሆኖ ምቱን ብቻ ይጠብቃል። ሜይቤል ግን ፊድል የሚመታ ሰው ከጎኗ አልነበረም። ስለዚህ በአውራ ጣቷ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ ዜማውን እየለቀመች፣ በዚያው ቅጽበት በሌሎቹ ጣቶቿ ቀጫጭኖቹን ክሮች እየጠረገች ምቱን ትጠብቅ ነበር። አንድ ሰው ሁለት ሰው ሆኖ ይሰማል። ኋላ ይህ አመታት በቤተሰቡ ስም ካርተር ስክራች ተባለ። በ1928 በኒው ጀርሲ ካምደን ከተማ የቀዱት ዋይልድውድ ፍላወር የሚባለው ዘፈን ላይ ጥርት ብሎ ይሰማል፤ እስከ ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ጊታር የሚማር ልጅ ገና ከመጀመሪያዎቹ ልምምዶቹ መካከል የሚያገኘው ነው።

ብቻዋን ተማረች ብዬ ብቻ ባልፍ ግን በሌላ ሰው ላይ ግፍ መሥራት ይሆንብኛል። ሌስሊ ሪድል የሚባል ጥቁር ጊታር ተጫዋች ነበር። ሲሚንቶ ፋብሪካ ውስጥ በደረሰበት አደጋ አንድ እግሩን ያጣ ሰው ነው። ኤ.ፒ. አሮጌ ዘፈን ፍለጋ በየመንደሩ ሲዞር ሪድል አብሮት ይሄዳል፤ ኤ.ፒ. ግጥሙን ይጽፋል፣ ሪድል ዜማውን በጭንቅላቱ ይዞ ይመለሳል። ሲመለሱም ሜይቤል እሱ ሲመታ እያየች ትማር ነበር። ነጭና ጥቁር በአንድ ማዕድ በማይቀርብበት አገርና ዘመን ነው ይህ የሆነው። ስሙ በአንድ ሸክላ ላይ እንኳን አልተጻፈም። ብዙ ዓመት ቆይቶ በ1960ዎቹ ማይክ ሲገር የሚባል ሙዚቀኛ ሲጠይቃት ሜይቤል የሪድልን ስም ነግራዋለች፤ ሲገርም ፈልጎ አግኝቶ ጨዋታውን ቀዳለት።

ስለ ስም ካነሳሁ አይቀር የሙያዬን ልበል። የካርተር ቤተሰብ ከቀዳቸው ዘፈኖች አብዛኞቹ ላይ ደራሲ ተብሎ የተመዘገበው ኤ.ፒ. ነው። ብዙዎቹ እሱ ሰብስቦ ያስተካከላቸው የቆዩ ዘፈኖች ናቸው። የአሳታሚነት መብቱ ደግሞ የራልፍ ፒር ነው። ለግጥምና ለዜማ መዝገብ አለ፤ መዝገብ ካለ ገንዘብ አለ። አንዲት ሴት በአውራ ጣቷ ለፈጠረችው አመታት ግን መዝገቡ ላይ መስመር የለም። በሺህ የሚቆጠር ጊታር ተጫዋች አመታቷን ሲወስድ በሕግ የሚጠይቅ አልነበረም፣ ዛሬም የለም።

ይህን ሳነብ እናቴ ትዝ አለችኝ። እናቴ ለ19 ዓመት ለምግብ ቤቶች እንጀራ ጋግራ አቅርባለች። ንግድ ፈቃዱ ግን በአንድ የቅርብ ዘመዳችን ስም ነበር፤ ያኔ ለቀላልነቱ እንዲህ ተደረገ። እናቴ ምጣዱን ለማሳደግ ብድር ስትጠይቅ የተጠየቀችው ወረቀት የእሷ አልነበረም። ዘመዳችን ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ኤ.ፒ.ም ክፉ ሰው አልነበረም። ከእናንተ መካከል ከእኅትና ከወንድም ጋር በጋራ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ዛሬ ማታ ወረቀታችሁን አውጥታችሁ በማን ስም እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚህ በላይ አልመክርም፤ ወደ ታሪኩ ልመለስ።

የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ከተሸጡ በኋላ አንድ ትልቅ ዕቃ ወደ ሜይቤል ቤት ገባ። በ1928 የተሠራ ጊብሰን ኤል 5 የሚባል ጊታር ነው፤ ዋጋው 275 ዶላር። በእነዚያ ዓመታት ይህ እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር። ሌላ ሰው ቅብጠት ይለው ይሆናል። እኔ የሥራ መሣሪያ ብዬ በቋሚ ንብረት ሒሳብ ውስጥ እመዘግበው ነበር። ሜይቤል እስከ ዕድሜዋ መጨረሻ የመታችው ይህንኑ ጊታር ነው።

በ1929 ጁን፣ በ1933 አኒታ ተወለዱ። እነዚያ ዓመታት ለአሜሪካ የችግር ዘመን ነበሩ፤ ሸክላ የሚገዛ ሰው ቀነሰ፤ ኤ.ፒ. ሥራ ፍለጋ እስከ ዲትሮይት ሄደ። ከሁሉ የከፋው ግን የሣራና የኤ.ፒ. ትዳር መፍረሱ ነው። ኤ.ፒ. ዘፈን ፍለጋ እየሄደ ሳምንታት ይቆያል፤ ሣራ ልጆቹንና እርሻውን ይዛ ትቀራለች። ሣራ በመጨረሻ ጥላው ወጣች። የሚገርመው መዝፈናቸውን አላቆሙም። ተፋተውም እንኳን አንድ ማይክሮፎን ፊት እየቆሙ ዓመታት ቀጠሉ። መካከላቸው ሆና ጊታሩን የምትመታው ሜይቤል ናት። የአክስቷ ልጅና የባሏ ወንድም ሳይነጋገሩ አጠገቧ ሲቆሙ ምን እንደምታስብ አልተናገረችም፤ ብዙ የምታወራ ሴት አልነበረችም።

በ1938 ያልታሰበ ዕድል መጣ። ጆን ብሪንክሊ የሚባል፣ የፍየል ዕጢ ወንዶች ላይ እየተከለ ሀብታም የሆነ ሐኪም ነኝ ባይ ነበር። አሜሪካ የሬዲዮ ፈቃዱን ስትነጥቀው ድንበር ተሻግሮ ሜክሲኮ ውስጥ ከዴል ሪዮ ከተማ ማዶ ጣቢያ ተከለ። በአሜሪካ ሕግ አንድ ጣቢያ ከ50,000 ዋት በላይ ኃይል አይፈቀድለትም፤ የእሱ ከዚያ ብዙ እጥፍ ይበልጥ ነበርና ሌሊት ሌሊት እስከ ካናዳ ይሰማል። ካርተሮች በዚያ ጣቢያ ላይ እንዲዘፍኑ ለእያንዳንዳቸው በሳምንት 75 ዶላር ተከፈላቸው፤ በዓመት ስድስት ወር ሥራ፣ ስድስት ወር ደግሞ ከክፍያ ጋር እረፍት። እንዲህ ዓይነት ፔይሮል በሥራ ዘመኔ አላየሁም። ሦስቱ ልጆችም ወደ ማይክሮፎኑ የቀረቡት እዚያ ነው፤ ትንሿ አኒታ ገና ስድስት ዓመት አካባቢዋ ነበረች። በዚያ የአጭበርባሪ ሬዲዮ አማካይነት ድምፃቸው ከዚህ ቀደም ሸክላ ገዝቶ ወደማያውቅ ሕዝብ ደረሰ።

የመጀመሪያው ቡድን በ1943 ተበተነ። ሣራ ከሁለተኛ ባሏ ጋር ወደ ካሊፎርኒያ ሄደች፣ ኤ.ፒ. ወደ ድሃው ሸለቆ ተመልሶ ትንሽ ሱቅ ከፈተ። ሜይቤል ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው፤ እኔ ዛሬ ያለሁበት ዕድሜ አካባቢ ማለት ነው። ልጆቿ አሥራ ስድስት፣ አሥራ አራትና አሥር። አርፋ ልትቀመጥ ትችል ነበር፤ ባሏ ደሞዝተኛ ነው። እሷ ግን ልጆቿን ሰብስባ በሪችመንድ ከተማ ሬዲዮ ጣቢያ ገባች። እማማ ሜይቤልና የካርተር እኅትማማቾች የሚባለው ቡድን እንዲህ ተጀመረ።

ሦስቱ እኅትማማቾች አይመሳሰሉም። ሄለን ትልቋ፣ ጸጥ ያለች፣ አኮርዲዮንና ጊታር ትጫወታለች፣ ዘፈን ትጽፋለች። አኒታ ከቁመቷ የሚበልጥ ባስ ትይዛለች፤ ድምፅዋ ከሁሉም የሚያምረው የእሷ ነው። መካከለኛዋ ጁን እንደ እኅቶቿ የሚቃና ድምፅ አልነበራትም፤ ይህንንም ራሷ ታውቀዋለች። ስለዚህ ሰው የምታስቅ ሆነች፤ የገጠር ሴት መስላ እየወደቀች እየተነሣች መድረኩን ትይዘዋለች። ቤት ውስጥ ከእኅቶች መካከል ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አንዷ ቆንጆ፣ አንዷ ጎበዝ ስትባል ሦስተኛዋ የራሷን ቦታ ፈልጋ ታገኛለች። ሜይቤል ይህን አይታ ለእያንዳንዷ የሚሆናትን ሰጠቻት እንጂ ጁንን ለማቃናት ስትጨቀጭቃት አልኖረችም።

ከሪችመንድ ወደ ኖክስቪል፣ ከኖክስቪል ወደ ሚዙሪ ስፕሪንግፊልድ ተዘዋወሩ። ጠዋት ሬዲዮ ላይ ይዘፍናሉ፣ ከሰዓት መሣሪያውን መኪና ላይ ጭነው ትምህርት ቤት አዳራሽ ወይም ትንሽ ሲኒማ ቤት ወዳለበት ይሄዳሉ፣ ሌሊቱን ይመለሳሉ። ብዙ ጊዜ መሪውን የምትይዘው ሜይቤል ናት፤ ፍጥነት ትወድ ነበር። ኤክ ደግሞ ሥራቸውን የሚያስተዳድር ሆነ። ኖክስቪል ላይ ቼት አትኪንስ የሚባል ዓይን አፋር ወጣት ጊታር ተጫዋች ከነሱ ጋር ገባ። በ1950 የናሽቪሉ ግራንድ ኦል ኦፕሪ፣ ማለት የካንትሪ ዘፋኝ ሁሉ የሚመኘው መድረክ ሲጠራቸው ያለ አትኪንስ እንዲመጡ ነበር የተፈለገው። እሱ ከሌለ አንመጣም ብለው ቆሙ። በኋላ አብሯቸው ገባ፤ ያ ወጣትም የናሽቪልን ሙዚቃ ከለወጡት ሰዎች አንዱ ሆነ።

የሃምሳዎቹ አጋማሽ ሌላ ዘመን ይዞ መጣ። በጉዞ ላይ ከእነሱ ጋር ይዘፍን የነበረው ወጣቱ ኤልቪስ ፕሪስሊ ሰማይ ሲነካ ሮክ የሚሉት ሙዚቃ አገሩን ወሰደው። የተራራ ዘፈን የአሮጊቶች ሆነ። ልጆቹ አግብተዋል፣ ወልደዋል፤ ጁን ትወና ልትማር ኒው ዮርክ ሄዳለች። የጥሪው ቁጥር ቀነሰ። ያኔ ሜይቤል ካርተር፣ ያቺ ከ250 በላይ ዘፈን በሸክላ የቀዳች ሴት፣ ናሽቪል ውስጥ ሌሊት ሌሊት ሕሙማን የሚያስታምም ረዳት ነርስ ሆና ተቀጠረች። ሃምሳ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ማታ ኦፕሪ መድረክ ላይ ትወጣለች፤ በሌላው ሌሊት የታመመ ሰው ታገላብጣለች፣ አንሶላ ትቀይራለች።

ስለዚህ ዘመን የጻፉ ሰዎች እንደ ውርደት አድርገው ያሳዝኑታል። እኔ በሁለት ልብ ነኝ። በአንድ በኩል ሒሳቡ ያናድደኛል፤ ስንት ሸክላ ተሽጦ፣ ስንት ሰው በአመታቷ በልቶ፣ እሷ የሌሊት ተረኛ ልትሆን አይገባም። በሌላ በኩል ደግሞ ሥራውን የሠራችው አንገቷን ደፍታ እንዳልነበረ ይሰማኛል። ደጋግ እጆች ነበሯት። ስትችል ደግሞ ቢንጎ ትጫወታለች፤ ላስ ቬጋስ ስትሄድ ሳንቲም የሚበሉት ማሽኖች ፊት መቀመጥ ትወድ ነበር። በዚህ እንኳን አንስማማም።

ከዚያ ልጆች መጡ። የወለደቻቸው ሳይሆኑ በስድሳዎቹ መጀመሪያ የቆየ ዘፈን ፍለጋ የተነሡ የከተማ ተማሪዎችና ወጣት ሙዚቀኞች ናቸው። አሮጌ የካርተር ሸክላ ሰምተው ያደጉ ነበሩ፤ ያቺ ጊታር መቺ በሕይወት መኖሯን ሲሰሙ ፈልገው አገኟት። በ1963 ኒውፖርት የሕዝብ ዘፈን ፌስቲቫል ላይ ስትወጣ ሺህ ወጣት ጸጥ ብሎ አዳመጣት። አውቶሃርፑንም ደረቷ ላይ አቅፋ ትመታው ነበር፤ ይህም ራሱ ብዙ ሰው የተከተለው ነገር ሆነ። በ1967 ሣራን ከካሊፎርኒያ አስመጥተው ሁለቱ የአክስትማማች ልጆች እዚያው ኒውፖርት ላይ አብረው ዘፈኑ። ኤ.ፒ. በ1960 ሞቷል። ከሞተ በኋላ ሜይቤልና ልጆቿ የካርተር ቤተሰብ የሚለውን ስም ለራሳቸው ወሰዱት።

በዚያው ዓመታት ሦስቱ እኅትማማቾችና እናታቸው ከጆኒ ካሽ ጋር መዞር ጀምረዋል። ጁን ከመርል ኪልጎር ጋር ሆና ስለ እሳት ቀለበት አንድ ዘፈን ጻፈች። መጀመሪያ የዘፈነችው እኅቷ አኒታ ናት፤ ብዙም አልተሸጠም። ቀጥሎ በ1963 ካሽ መለከት ጨምሮበት ቀዳው፤ ከኋላ የሚቀበሉት እናትና ልጆች ናቸው። በካንትሪ ሠንጠረዥ ሰባት ሳምንት አንደኛ ሆነ። ልብ በሉ፣ በዚህኛው ላይ በደራሲነት የተመዘገበው የካርተር ሴት ስም ነው። የአኒታን አወጣጥ ግን እባካችሁ ፈልጋችሁ ስሙት፤ ለኔ የሚበልጠው እሱ ነው።

ካሽ በዚያን ጊዜ በኪኒን ሱስ ሊጠፋ ደርሶ ነበር። ሜይቤልና ኤክ አልተጸየፉትም፤ ቤታቸውን ከፈቱለት፤ በ1967 ሱሱን ለመተው ሲታገል እነሱም ቤቱ ገብተው ከጁን ጋር ጠበቁት። ያ የሌሊት ተረኝነት እዚህ ላይ እንደጠቀማት አልጠራጠርም። በ1968 ጁንና ካሽ ተጋቡ። ከ1969 እስከ 1971 በነበረው የካሽ የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ እናትና ልጆች በየሳምንቱ ይታዩ ነበር፤ ነርስ ሆና መሥራት ቀረ። በ1970 የካርተር ቤተሰብ ወደ ካንትሪ ሙዚቃ የክብር አዳራሽ ሲገባ፣ በቡድን ደረጃ የመጀመሪያው ነበር። በ1971 ደግሞ ኒቲ ግሪቲ ደርት ባንድ የሚባሉ ጸጉራቸውን ያሳደጉ የካሊፎርኒያ ልጆች ናሽቪል መጥተው ከአዛውንቶቹ ጋር ትልቅ አልበም ሲቀዱ፣ የ62 ዓመቷ ሜይቤል መካከላቸው ተቀምጣ መታች። የአልበሙ ርዕስ የተወሰደው ካርተሮች ከቀዱት ዘፈን ነው።

ኤክ በ1975 አረፈ። ሜይቤል ኦክቶበር 23 ቀን 1978 በ69 ዓመቷ ሞተች፤ ሣራ ሦስት ወር እንኳን ሳትሞላ ተከተለቻት። እኅትማማቾቹ ቀጠሉ። ሄለን በ1998፣ አኒታ በ1999፣ ጁን በ2003 አረፉ፤ ከትልቋ ጀምሮ አንድ በአንድ ተሸኙ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን ጁን ከአኒታ ትበልጣለች። ጁን ከሁሉም በኋላ ቀረች።

ጊታሩ አሁን ናሽቪል በክብር አዳራሹ ውስጥ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ቤተሰቡ ለአዳራሹ በውሰት ሰጥቶት ከቆየ በኋላ ለሽያጭ ሲቀርብ አንድ ለጋሽ ገዝቶ አስቀረው። ዋጋው 575,000 ዶላር ነበር። ከ275 ተነሥታችሁ አስሉት፤ ከሁለት ሺህ እጥፍ በላይ ነው። ቢሮ ውስጥ ለባልደረቦቼ ሳሳያቸው ስለ ዕርጅና ቅናሽ ይቀልዱብኝ ነበር።

ይህን ሁሉ አንድ እሑድ ለእናቴ አጫወትኳት። ዛሬ ጋገራውን ትታለች፤ ወገቧ አይፈቅድም። ስለ ጊታሩ ዋጋ ብዙም አልደነቃት። ስለ ብሪስቶል መንገድም ዝም ብላ ሰማች። የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ያቺ ሴት ሌሊት ሕሙማን ጋ ስታድር ለልጆቿ እራት የሚያቀርብላቸው ማን እንደነበር። ያኔ ልጆቹ ትልልቅ እንደነበሩ፣ የራሳቸው ቤት እንደነበራቸው ነገርኳት። እፎይ አለችና ቡናውን ቀዳች።